እስከ ስድስተኛው ድንጋይ

አናጺው ሜትሩን ዘርግቶ የበሩን ስፋት ለክቶ ከጨረሰ በኋላ መቀርቀሪያው ከውጭ በኩል እንደሚመታ ሲነገረው እርሳሱን ከጆሮው ሥር አወጣ፤ መልሶ ሰካው፤ ከዚያ አብተውን አየው። "ከውጭ?" አለ። "አዎ፣ ከውጭ።" "የዶሮ ቤት ልታደርጉት ነው?" "አይ፣ የአባቴ ክፍል ነው" አለ አብተው፣ ለጎረቤት እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። አናጺው እሱም የልጆች አባት ነው፤ ቢሆንም ሥራ ሥራ ነው፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ጓጉንቸሩን ራሳችሁ ግዙ" ብሎ ሜትሩን ጠቅልሎ ወጣ። ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ የነበረችው የአብተው ሚስት ተሻለች ይህን ሁሉ ሰማች። የምታጥበውን ካልሲ ከሚገባው በላይ አሸችው፤ የቀበሌ ሱቅ ሳሙና በወር አንድ ብቻ እንደሚሰጥ እንኳ ረሳች። አብተው አጠገቧ መጥቶ ቆመና ማንም ሳይጠይቀው "ለደህንነታቸው ነው" አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአብተው አባት አቶ ወልደአማኑኤል ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጡረታ የወጣ ሰው ፀሐይ ይሞቃል፣ ዳማ ይጫወታል፣ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፣ ሲከፋው የልጁን ሚስት በወጡ ጨው ይነዘንዛል። እሳቸው ግን በየቀኑ ጎህ ሲቀድ የድሮ ካፖርታቸውን ደርበው፣ ጫፉ ብረት የለበሰ ከዘራቸውን ይዘው ከግቢው ውልቅ ይላሉ። የሚመለሱት ረፋዱ ላይ ነው፤ ጫማቸው ጭቃ፣ ፊታቸው ግን ደህና ሥራ ሠርቶ እንደገባ ሰው ዘና ያለ። የት ነበሩ ሲባሉ "ነፋስ ስቀበል" ይላሉ። ናዝሬት ነፋስ አጥታ አታውቅም፤ በር ከፍቶ መቆም ይበቃል። የግቢው ሴቶች መቼም ዝም አይሉም፣ ጎረቤታቸው በላይነሽ ሽማግሌው ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖር አንዲት ፈት አላቸው የሚለውን ወሬ ከጀመረች ዓመት አልፏታል፤ አሁን ፈቲቱ ሁለት ላሞችና አንድ የወርቅ ጥርስ አብቅላለች።

ወሬው በዚሁ ቢቀር ማንንም አይጎዳም ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን የቀበሌው ሊቀመንበር አብተውን ቢሮ ጠርቶ ወንበር እንኳ ሳይሰጠው፣ "ጓድ አብተው፣ አባትህ በየጠዋቱ ሜዳ ወርደው ከአንድ ሰው ጋር አንድ ነገር ይቀባበላሉ። የታየ ነገር ነው። ማን እንደሆነና ምን እንደሆነ እሑድ ስብሰባ ላይ ትነግረናለህ። አለዚያ ራሳችን እንጠይቃቸዋለን" አለው። በዚያ ዘመን "እንጠይቃቸዋለን" የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መተርጎም አያስፈልግም። አብተው ከቀበሌው ወጥቶ በቀጥታ ወደ አናጺው ሄደ። ለአባቱ ምንም አልነገረም። አባትና ልጅ በዚያ ቤት ስለ ዝናብ፣ ስለ ኪራይ ደረሰኝና ስለ ሬዲዮው ባትሪ ካልሆነ ከተነጋገሩ ዓመታት አልፈዋል። ሐሙስ ማታ ግን ለተሻለች፣ "ነገ ተከተያቸው። አንቺ ዘንቢል ከያዝሽ ወደ ገበያ የምትሄጂ ነው የሚመስለው። እኔ ቢያንስ የማወራውን ልወቅ" አላት።

ተሻለች ባሏ ፊት አንገቷን ደፍታ "እሺ" ብትልም እውነቱን ለመናገር ደስ አላት። ሴትየዋ ነገር ማወቅ ትወዳለች። ሁሩታ ተወልዳ ስታድግ የጎረቤት ደብዳቤ አንባቢ ነበረች፤ ሰው ደብዳቤ ያስነብባታል፣ እሷም ያልተጻፈውን ጭምር ትጠይቃለች። እዚህ ቤት ከገባች አምስት ዓመቷ ነው፤ ከምታጥበው ካፖርት ኪስ ውስጥ አንዳንድ ጊዜ የጠጠር ብናኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የደረቀ የአጋም ፍሬ አግኝታ ስለ ሽማግሌው አስባ አስባ ደክሟታል። መቀርቀሪያው ግን ደስታዋን ያደፈርሰዋል። እሷ ይዛው የምትመጣው ወሬ ነው ሽማግሌውን ወይ በር የሚያዘጋባቸው፣ ወይ ለቀበሌ የሚሰጣቸው። ይህን እያሰበች ተኛች።

አርብ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አቶ ወልደአማኑኤል ወጡ፤ ተሻለች ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከኋላ ተከተለች። ነሐሴ ስለነበር መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጋሪዎቹ ገና አልወጡም፤ ፈረሶቹ ግን በየግቢው በር ታስረው ያንኮራፋሉ። ቀበሌው በር ላይ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት ጠመንጃቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። አንደኛው "ዛሬም?" አላቸው። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው አለፉ። ሰውየው ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር አውጥቶ አንድ ነገር ሲጽፍ ተሻለች በዓይኗ አየች። እሷን ማንም ምንም አላላትም። ባቡር ጣቢያውን በስተግራ ትተው፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ ዞሩና ከዚያ በኋላ ሽማግሌው ከፍ ባለ የአፈር ድልዳል ላይ ወጡ። ተሻለች ቦታውን አወቀችው። ሐዲዱ ነው።

ሐዲዱ ይባላል እንጂ ሐዲድ የለበትም። ድሮ ከዋናው መስመር ተገንጥሎ ወደ አዋሽ በኩል እስከ ድንጋይ ካባው የሚሄድ አጭር መስመር ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ብረቱ ተነቅሎ በጭነት መኪና ተወሰደ። የቀረውን ሕዝቡ ተካፈለው፤ አንዱ ለአጥር ቋሚ፣ አንዱ ለቦይ መሻገሪያ፣ አንዱም ለምን እንደሚሆነው ሳያውቅ ቤቱ አስገባ። የተረፈው ድልዳሉ ነው። በክረምት ግራና ቀኙ ሜዳ ረግረግ ሲሆን እሱ ከፍ ብሎ ደርቆ ይቆያል፣ ስለዚህ ወተት ይዛ የምትመጣው፣ እንጨት የተሸከመችው፣ ሽንኩርት በአህያ የጫነው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚሄደው። ተሻለች እስከዚያ ቀን ወጥታበት አታውቅም። ከከተማው እንደወጡ ከወዲያ የሚመጣው ሰው መብዛት ገረማት፤ ሁሉም ሽማግሌው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ "አካም ቡልተን፣ ኦቦ ወልዴ?" ብሎ እንዴት አደሩ ይላል፣ እሳቸውም በኦሮምኛ "ነጋ፣ ነጋ" ይሉና ስለ ጥጃው፣ ስለ እግሩ፣ ስለ ልጁ ትምህርት ይጠይቁታል። ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት የሚናገሩትን ያህል ቃል ሐዲዱ ላይ በግማሽ ሰዓት ተናገሩ። ተሻለች ይህን ስታይ ቅር አላት፣ ቅናትም ነበረበት።

ደግሞ ይሠራሉ። መንገዱ መሐል የወደቀ ድንጋይ ሲያገኙ በከዘራው ብረት ገፋ አድርገው ወደ ጠርዙ ያወርዳሉ። የድልዳሉን ሆድ ሰንጥቆ የሚያልፍ የውኃ መውረጃ ቱቦ ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው፣ አንዳንዴም ተንበርክከው፣ ቅጠልና ጭቃውን በእጃቸው ጠርገው ውኃው እስኪወርድ ቆመው ያያሉ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሰው ናቸው። ተሻለች ከአንዲት ወተት ሻጭ ጋር አብራ መራመድ ጀምራ እንደ ዋዛ "እኚህ ሰውዬ ምን እያደረጉ ነው?" ብላ ጠየቀች። ዲንቄ የምትባለውን ይህችን ሴት ጥያቄው ራሱ ገረማት። "መንገዱን ነዋ የሚጠብቁት። አምና ያ ቱቦ ቢደፈን ኖሮ ውኃው ይሄን ሁሉ በልቶት ነበር። መንግሥት አይደለም እንዴ የሚከፍላቸው?" አለች። ተሻለች "እንጃ" አለች። ትንሽ እንደሄዱ መንገዱ ሁለት ዓለት መሐል ለመሐል ተቆርጦ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ደረሱ፤ ሸክም የያዙ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አያልፉበትም። ዲንቄ እዚያ መግቢያ ላይ ቆም ብላ በሙሉ ድምጿ "ባቡር!" ብላ ጮኸች። ከወዲያኛው ጫፍ የማይታይ ወንድ "እለፊ!" ሲል መለሰ። ተሻለች ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ዲንቄ ግን ሳትስቅ፣ "ኦቦ ወልዴ ናቸው ያስተማሩን። አንድ ጊዜ ሁለት አህያ እዚህ ተጋጥመው ግማሽ ቀን ቆመናል" አለቻት።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አቶ ወልደአማኑኤል አንድ ነጭ ቀለም የተቀባ አጭር ድንጋይ ጋ ደርሰው ቁጭ አሉ። ድንጋዩ ላይ "6" ተጽፏል፤ ቀለሙ አዲስ ነው። ሰዓታቸውን አወጡ፤ አዩት፤ ጆሯቸው ላይ አስጠጉት፤ መልሰው ከተቱት። ተሻለች ከአንድ ግራር ጀርባ ገብታ ጠበቀች። ያ የተባለው ሰው የሚመጣው አሁን ነው ብላ አሻግራ ታያለች። ማንም አልመጣም። እንጨት ተሸካሚዎች አለፉ፣ ሁለት ተማሪዎች አለፉ፣ አንድ ውሻ ሽማግሌውን አሽትቶ አለፈ። ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆነ። ሽማግሌው ተነሡና ወደ ከተማ በመመለስ ፈንታ መንገዳቸውን ወደ ፊት ቀጠሉ፤ አምስት እርምጃ ያህል ሄደው ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ "ተሻለች፣ ከዚህ ወዲያ ድልዳሉ ዝቅ ይላል፣ ጭቃ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ነይ" አሉ።

ከግራሩ ጀርባ ስትወጣ ፊቷ በርበሬ መስሎ ነበር። "መቼ ነው ያዩኝ፣ አባባ?" አለች። "ከጣቢያው ጀርባ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሐዲድ ላይ የሄደ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ካላወቀ እስካሁን በሕይወት አይቆይም።" ኮንጎ ጫማዋን ዘንቢሉ ውስጥ ከተተችና አጠገባቸው ደረሰች። "አብተው ነው የላከሽ?" አሏት። ልትዋሽ አስባ ነበር፤ አፏ ግን "አዎ" አለ። "ለምን ራሱ አይጠይቀኝም?" ተሻለች ጥያቄውን አሰበችበትና "ቢጠይቅዎትስ ይነግሩት ነበር?" አለች። ሽማግሌው ወደ አርሲ ተራሮች እያዩ "አይመስለኝም" አሉ። እውነተኛ መልስ በመሆኑ ተሻለች ከዚያ በኋላ ለመጠየቅ ድፍረት አገኘች፤ እሳቸውም ለመናገር እንደጓጉ ሁሉ አንዱን ከአንዱ እያያያዙ አወሩላት።

ሥራቸው ሐዲድ እያዩ መሄድ ነበር። ከከተማው እስከ ስድስተኛው ድንጋይ የእሳቸው ነው፤ ከካባው እስከ ስድስተኛው ድንጋይ ደግሞ ኑሬ የሚባል የሌላኛው ክፍል ሰው። ሁለቱም ጎህ ሲቀድ ይነሣሉ፣ የላላ ቡሎን ያጠብቃሉ፣ ድንጋይ ያነሣሉ፣ ድንጋዩ ጋ ይገናኛሉ። አንዱ ቁጥር ሦስት፣ ሌላው ቁጥር አራት የተቀረጸበት ክብ ናስ አላቸው፤ እዚያ ይለዋወጡታል። ሦስትን ይዞ የሄደ አራትን ይዞ ከተመለሰ ክፍሉን ሙሉ ሄዷል ማለት ነው፤ ሳይሄድ ሄድኩ ማለት አይቻልም። መስመሩ ሲዘጋ ዕቃቸውን ሁሉ አስረከቡ፤ ናሱን ግን የሚቀበለው ሹም ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ስለነበር "ተረካቢ ሲመደብ ትጠራላችሁ" ተባሉ። ስምንት ዓመት ሙሉ የጠራቸው የለም። "ታዲያ ያላስረከብኩትን ሥራ እንዴት ነው አቆምኩ የምለው?" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፣ ነገሩ ግልጽ እንደሆነ ሁሉ። ተሻለች ሳቋ መጣ፤ ሰውየው ግን የሚቀልዱ አይደሉም።

"ዛሬ ለምን አልተመለስንም ታዲያ?" አለች። ሽማግሌው ቆሙ። "ደንብ አለው። ሌላው ከቀረ ግማሽ ሰዓት ትጠብቂያለሽ። ከዚያ እስክታገኚው ድረስ በእሱ ክፍል ትሄጃለሽ። ውኃ ወስዶት ይሆናል፣ እባብ ነድፎት ይሆናል፣ ወድቆ ይሆናል። አንድ ጊዜ እኔ በወባ ስወድቅ ኑሬ መጥቶ ቱቦ ሥር ተኝቼ አግኝቶኛል።" ትንሽ ሄዱና፣ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ "ደምሰው የቀረ ጊዜ ግን እስከ የት መሄድ እንዳለብኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም" አሉ። ተሻለች ደምሰው የሚለውን ስም ከዚያ በፊት የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፣ ከበላይነሽ፣ በሹክሹክታ። የአብተው ታላቅ ወንድም ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ጥር ወር ላይ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ፎቶግራፉ እንኳ ግድግዳ ላይ የለም። "ሦስት ወር ሄድኩ። ቢሾፍቱ፣ አዲስ አበባ፣ አቦምሳ፣ እስር ቤት የተባለ ሁሉ። አብተው በመጨረሻ ይብቃዎት፣ እኔንም ያስወስዱኛል አለኝ። እውነቱን ነው። ተውኩት። እዚህ ግን እስከ የት እንደምሄድ አውቃለሁ።" ተሻለች አለቀሰች፣ እሳቸውም እንዳላዩ ሆኑ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐዲዱ የአሰላን አስፋልት አቋርጦ የሚያልፍበት ደረሱ። ጭነት መኪናዎቹ ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ ይመጣሉ፤ ቆመው ጠብቀው ተሻገሩ። ከአስፋልቱ ወዲያ ቆርቆሮ ክዳን ያላት ትንሽ ቤት አለች፤ ግቢዋ ውስጥ አርባ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት በርበሬ ስታሰጣ አገኟት። የኑሬ ልጅ ፋዲላ ናት። አቶ ወልደአማኑኤልን ስታይ ከመደሰት ይልቅ ደነገጠች። "ባጋ ነጋን ዱፍተን፣ ኦቦ ወልዴ" ብላ እንኳን ደህና መጡ አለችና ዓይኗን ወደ ጎን ክፍሉ በር ወረወረች። በሩ በሽቦ ከውጭ ታስሯል። ከውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ "ወልዴ ነህ?" አለ። "ሰዓቱ አለፈ። መጣሁ" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "አውቄ ነበር እንደምትመጣ። ይቺ ልጅ አስራኛለች።"

ፋዲላ አልዋሸችም። "ለደህንነቱ ነው" አለች። ተሻለች ያንን ቃል ስትሰማ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። የኑሬ ዓይን ጠፍቷል፤ ከረመዳን ወዲህ ጥላ እንጂ ሰው አያይም። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ለወልዴም ጭምር። ሐዲዱ ላይ ዓይን አያስፈልገውም፤ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠርዙን በእግሩ ያውቀዋል፣ ድንጋዩን በእርምጃ ቆጥሮ ያገኘዋል፣ ሰውም "ባቡር!" ሲል ቆሞ ያሳልፋል። አስፋልቱን ግን መሻገር አለበት። ትናንት አንድ ጭነት መኪና ፍሬኑን ይዞ ጎማው አስፋልቱን ሲቧጥጥ ፋዲላ እዚህ በርበሬ ላይ ሆና ሰማች፤ ሮጣ ስትደርስ አባቷ ከመኪናው አፍንጫ ሁለት ስንዝር ርቀት ላይ ቆሞ ሾፌሩን ይቅርታ ይጠይቃል። "ምን ላድርግ እናንተዬ? ንገሩኛ!" አለች።

አቶ ወልደአማኑኤል መልስ ከመስጠታቸው በፊት በሩ ሥር ጎንበስ አሉና በቀዳዳው በኩል ናሳቸውን አስገቡ። ከውስጥ ጣቶች መጥተው ዳበሱት፣ ቁጥሩን በአውራ ጣት ፈተሹት፣ ሌላውን መልሰው ሰጡ። "ዓይንህ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖሃል ማለት ነው" አሉ አቶ ወልደአማኑኤል። "አዎ።" "እኔን ዋሸኸኝ።" "አልጠየቅኸኝም" አለ ኑሬ። ለካ ይህ የሽማግሌዎች ሁሉ አመል ነው ብላ ተሻለች በልቧ ሳቀች። አቶ ወልደአማኑኤል ቀና ብለው ወደ ፋዲላ ዞሩ። "ልጄ፣ አስፋልቱን ብቻ አሻግሪው። ከአስፋልቱ ወዲያ ሐዲዱ ነው፤ እኔ አለሁ። ሲመለስ ደግሞ እኔ እስከ አስፋልቱ አመጣዋለሁ፣ አንቺ ትቀበይናለሽ። አንድ መንገድ መሻገር ነው እኮ የከበደሽ።" ፋዲላ ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ሄዳ ሽቦውን መፍታት ጀመረች፤ ሽቦው ጠንክሮ ስለተጠመዘዘ ጊዜ ወሰደባት፣ ተሻለች ገብታ አገዘቻት። ኑሬ ሲወጣ ያየችው ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙን ሂና የቀባ ሰው ነው። እጁን ዘርግቶ የተሻለችን ፊት ፈልጎ ካጣ በኋላ "የአብተው ሚስት ናት? አብተው እንዴት ነው? አሁንም ሲተኛ ጥርሱን ያፋጫል?" አለ። ፋዲላ ቁርስ አቀረበች፤ የፍልሰታ ጾም ስለነበር አቶ ወልደአማኑኤል አልቀመሱም፤ ተሻለች ግን ርቧት ስለነበር ጾሙን እንደማያውቅ ሰው በላች።

ቤት የደረሱት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ተሻለች ሽሮ ሠራች፣ ጎመን ከተፈች፣ አንድም ነገር በአግባቡ አልሠራችም። አብተው ሲመጣ ምን እንደምትለው እያሰበች ነበር። ናስ ይለዋወጣሉ ብትለው ሊቀመንበሩ ይስቃል፣ ከሳቀ በኋላ ደግሞ ናሱ የምን ምልክት ነው ይላል፤ ቁጥር አለው፣ ሰው ከሰው ይቀባበለዋል፣ ከከተማ ውጭ ነው፣ ጎህ ሲቀድ ነው። እውነቱ ራሱ የሚያስጠረጥር መሆኑ አናደዳት። ባሏ በእህል መጋዘን የንብረት ክፍል ጸሐፊ ነው፤ የሚፈራው በከንቱ እንዳልሆነ ታውቃለች። አንድ ነገር ግን ወሰነች፤ ወሬውን ወጥ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አትነግረውም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አብተው መጣ። አቶ ወልደአማኑኤል ግቢው በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ "እንደምን ዋሉ" ብሏቸው አልፎ፣ ለተሻለች በዓይኑ ወደ ውስጥ ግቢ የሚል ምልክት ሰጣት። ተሻለች አልተንቀሳቀሰችም። "እዚሁ ልንገርህ" አለች፤ ነገረችውም። ድንጋዩን፣ ቱቦዎቹን፣ "ባቡር" የሚሉትን ሰዎች፣ ኑሬን፣ ሽቦውን፣ ፋዲላ ያለችውን ቃል። ደንቡንም ነገረችው፤ አንዱ ከቀረ ሌላው እስኪያገኘው እንደሚሄድ። "በር ብትዘጋባቸው ነገ ያ ዓይነ ስውር ሰውዬ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሩ መጥቶ እዚህ ይቆማል፣ አብተው። ጎረቤት እያየ አባትህን ይጠይቅሃል።" አብተው ወደ አባቱ ዞረ። ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ ናሱን ከኪሳቸው አውጥተው ዘረጉለት። ተቀብሎ ገለባበጠው።

"ለዚህ ነው?" አለ። "ለዚህ ነው" አሉ። አብተው ድምፁ ከፍ አለ። "ለዚህ ብረት ሊወስዱዎት ነው! ደምሰውን በምን ወሰዱት? በአንድ ወረቀት!" ስሙ ከአፉ ሲወጣ ራሱ ደነገጠ፤ በላይነሽ እንኳ መስኮቷን ቀስ ብላ ዘጋች። ከዚያ አብተው፣ አሁን በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እርስዎ ደምሰውን ሲፈልጉ ሦስት ወር እኔ እዚህ ብቻዬን ነበርኩ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማታ ማታ ቁጭ ብዬ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እኔ ብቀር ኖሮስ? እኔንስ ይፈልጉኝ ነበር?" አለ።

አቶ ወልደአማኑኤል በርጩማው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። "አንተ ከሥራ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትወጣለህ" አሉ። "በእግር ሃያ አምስት ደቂቃ ነው፤ ጭቃ ከሆነ ሠላሳ። አሥራ ሁለት ሲሆን ያ ልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ትታያለህ። ሩብ ሰዓት እጠብቃለሁ። አምና ኅዳር ላይ አንድ ማታ ሩቡ አለፈ። መጋዘኑ ድረስ ሄድኩ። በመስኮት አየሁህ፣ ቆጠራ ላይ ነበርክ፣ ኮትህን አውልቀህ። ተመልሼ መጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ።"

አብተው የልብስ ሰፊውን ጥግ አየ፤ ከዚያ አባቱ የተቀመጡባትን በርጩማ አየ። በየማታው እያለፋት ሲገባ፣ ሽማግሌው አየር የሚቀበሉ መስሎት ነበር። "ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?" አለ።

"ምን ብዬ? አገኘሁህ እኮ።"

አብተው ናሱን ለአባቱ መለሰላቸው፣ ሲመልስ ግን እጃቸውን ወዲያው አልለቀቀም። ተሻለች ዓይኗን ወደ ሌላ ቦታ አዞረች። "ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚነሡት?" አለ በመጨረሻ።

"አሥራ አንድ ተኩል።"

"ይቀስቅሱኝ። ዘበኞቹ ጋ አብሬዎት አልፋለሁ። የሚጽፉ ከሆነ የእኔንም ስም ይጻፉ።"

ሽማግሌው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ዓይናቸው ጫማው ላይ ቆየ። "በዚህ ጫማ አትችለውም" አሉ፣ "ከስድስተኛው ድንጋይ ወዲያ ጭቃ ነው።"